ብየዳ ያልነካው ጣሪያ

አባቴ አበባ ልተክል መስሎት ነበር።

ጠዋት ላይ መሰላሉን አስደግፌ ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመውን አፈር በማንኪያ እየዛቅሁ ፌስታል ስሞላ ከታች ቆሞ አየኝ። ምን እየሠራሽ ነው ብሎ አልጠየቀኝም። «ስትወርጂ ቀስ በይ፣ የታችኛው እርከን ይነቃነቃል» ብቻ ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። በማግስቱ ከክፍሌ ስወጣ በረንዳው ላይ ባለሦስት ደረጃ የአበባ ማስቀመጫ ቆሟል። ከቱቦላሬ ብረት የተሠራ ነው፤ አረንጓዴ ቀለሙ ገና አልደረቀም፤ ጫፍ ጫፉ ላይ ከላሜራ የተቆረጡ ትንንሽ ቅጠሎች ተበይደውበታል። አባቴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አጠገቡ ቆሟል።

«ቁመቱ ካነሰብሽ እቀጥለዋለሁ» አለኝ።

«አላነሰም አባዬ። በጣም ያምራል።»

እውነቱን ልነግረው ፈልጌ ነበር። ግን ቅጠሎቹን አየሁና ተውኩት። እኔና አባቴ እንዲህ ነን። እሱ የሚሰማውን በብረት ይሠራዋል፤ እኔ የሚሰማኝን ይዤ እቀመጣለሁ። ቤታችን ውስጥ የምትናገረው እናቴ ናት፤ እሷም የሦስታችንንም ድርሻ ጠቅልላ ነው የምትናገረው።

ማስቀመጫው ባዶውን ሰነበተ። አንድ ቀን እናቴ ወገቧን ይዛ ፊቱ ቆመች።

«አንቺ፣ አበባው የታለ?»

«እማዬ፣ አበባ አይደለም።»

«ታዲያ ያን ሁሉ አፈር ምን ልታደርጊው ነው? ልትበይው?»

«ከሰማይ የወረደ ነገር እየፈለግሁበት ነው። የኮከብ ስባሪ በይው።»

እናቴ ወደ ጣሪያው አየች፤ ከዚያ ወደ እኔ። «ኮከብ? ከአሸንዳ?»

«ከሰማይ የሚወርድ አቧራ አለ እማዬ። በጣም ደቃቅ ነው።»

«እኔ እንኳን እስከ ዛሬ ስጠርግ የኖርኩት ከመንገድ የሚነሳውን ነው» አለች። ወደ አባቴ ዞረችና፣ «ሰማህ አይደል? የእኔና ያንተ ኮከብ ሲገጥም ማንም ጣሪያ ላይ አልወጣም» አለችው።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። የአበባ ማስቀመጫውን እናቴ ወረሰችው፤ የድስት ክዳንና የሽንኩርት መደርደሪያ ሆነ።

ነገሩ የመጣው ከማኅበራችን ነው። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቅሁ ጀምሮ የምሠራው በአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ የሰው ደም አያለሁ። ብዙ ማውራት የማይጠይቅ ሥራ ስለሆነ ይስማማኛል። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ የሰማይ ወዳጆች ማኅበር አለን። ስሙ ከበደ እንጂ፣ አንድ ትምህርት ቤት በሚያውሰን ክፍል ውስጥ የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች ነን። ቴሌስኮፓችን አንድ ነው። ሰማዩ ደመና በሆነ ቁጥር ቴሌስኮፑን ትተን ድንጋይ እናያለን።

ድንጋይ ስል ከሰማይ የወረደ ማለቴ ነው። ከመካከላችን አንዱ ባለታክሲ፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታክል ጥቁር ድንጋይ አለችው። በመሐረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዟት ይዞራል። ሚስቱ አንድ ቀን አብራው መጥታ፣ «የጋብቻ ቀለበቱን ስንት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ረስቶት ወጥቷል፤ እሷን ግን ረስቷት አያውቅም» ብላ አስቃናለች። መጀመሪያ ቀን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጥልኝ ክብደቷ አስደነገጠኝ። በመጠኗ ከማውቃቸው ድንጋዮች ሁሉ ትከብዳለች። ላይዋ ስስ ጥቁር ቅርፊት አለው፤ አየሩን ሰንጥቃ ስትገባ ገላዋ ቀልጦ የረጋበት ነው። አንድ ጥግ ላይ ቅርፊቱ ተልጦ ውስጧ ግራጫ ሆኖ ይታያል።

«ምን ተሰማሽ?» አለኝ።

«ትቀዘቅዛለች» አልኩት። የተሰማኝ ግን ሌላ ብዙ ነገር ነበር።

እንዲህ ያለውን ድንጋይ መግዛት የእኔ አቅም አይደለም። ወድቆ ማግኘት ደግሞ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ፈልጎም ላይሆንለት ይችላል። ይህን የነገርኳቸው የማኅበራችንን ሊቀ መንበር ነው። ፋርማሲስት ናቸው፤ አናታቸው ላይ አንዲት ፀጉር ስለሌለች ጋሽ ጨረቃ እንላቸዋለን፤ ስሙን ያወጡትም ራሳቸው ናቸው።

«ቀኑን ሙሉ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተሽ እየዋልሽ ትልቁን ምን አስመኘሽ?» አሉኝ። «ትንሹን ፈልጊ። ትንሹ በየቀኑ ይዘንባል። በእኔም በአንቺም ጣሪያ ላይ አለ።»

ከዚያ አሠራሩን አስረዱኝ። አፈሩ ከአሸንዳ ይለቀማል፤ ይታጠባል፤ ቀላሉ ከውሃው ጋር ይፈስና ከባዱ ይቀራል። የቀረው ሲደርቅ በፌስታል የተጠቀለለ ማግኔት በላዩ ይሽከረከራል፤ ማግኔቱ የሳበው በደቃቅ ወንፊት ተነፍቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባል። የሚፈለገው ክብ ነገር ነው። ከሰማይ ሲወርድ የቀለጠ ጠብታ በአየር ላይ ስለሚረጋ እንደ ዶቃ ይድቦለቦላል።

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ጨዋታ የምትወድ ሴት ናት። በምሳ ሰዓት ማይክሮስኮፑን እንድጠቀም ስጠይቃት የያዝኩትን ብልቃጥ ብርሃን ላይ አንሥታ አየችው።

«የማን ናሙና ነው?»

«የጣሪያችን።»

«ጣሪያችሁን ምን አሞት?»

ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ባገኘችኝ ቁጥር «ታካሚው እንዴት ዋለ?» ትለኛለች። እኔም «ለውጥ የለውም» እላታለሁ። ለብዙ ጊዜም ለውጥ አልነበረውም። የቀለም ፍቅፋቂ፣ የዝገት ቅርፊት፣ የጡብ ስባሪ፣ አሸዋ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የጉንዳን እግር።

ከዚያ አንድ ቀን ክቧ ነገር ከአሸዋው መሐል ብቅ አለች። ጥቁር ናት፤ ታብረቀርቃለች፤ እንደ አይጥ ዓይን ድቡልቡል ናት። ላይዋ ላይ ውርጭ የሚመስል ጥለት አለ። ትንፋሼ እንዳይበትናት አፌን በእጄ ያዝኩ። በመርፌ ጫፍ አንሥቼ የመስታወት ስላይድ ላይ አሳረፍኳት። ከዚያ በስልኬ ፎቶ አነሣኋት።

ማታ ፎቶውን ለአባቴ አሳየሁት። መነጽሩን አደረገ፤ ስልኩን አራቀው፤ አቀረበው።

«በዓይኔ ባያት ትታየኛለች?»

«አትታይህም። ከጨው ቅንጣት ታንሳለች።»

«ጣሪያችን ላይ ነው ያገኘሻት?»

«ጣሪያችን ላይ።»

መነጽሩን አወለቀ። ግን ስልኩን ቶሎ አልመለሰልኝም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ግቢያችን በር ላይ የቆመ የማላውቀው ደንበኛ «ኮከብ ያገኘሽው አንቺ ነሽ?» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ሆነ። ለሰው ሰላምታ እንኳ አሳጥሮ የሚሰጠው አባቴ፣ መስኮት ሊያስበይድ ለመጣው ሁሉ የእኔን ወሬ እያወራ ከረመ። እናቴ «እኔን ያገባህ ዕለት እንኳ ለዚህ ሁሉ ሰው አልነገርክም» አለችው።

ቅዳሜ ማኅበራችን ፎቶውን ግድግዳ ላይ አድርጎ አየው። ባለታክሲው አጨበጨበ። ጋሽ ጨረቃ ግን ወንበራቸውን አስጠግተው ጥለቱን አተኩረው አዩት። ሊናገሩ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ሲያዝኑ ነው እንደዚያ የሚናገሩት።

«የኔ ልጅ፣ በአካባቢያችሁ ብየዳ የሚሠራ ሰው አለ እንዴ?»

«አባቴ በያጅ ነው» አልኩ። «ወርክሾፑ እዚያው ግቢያችን ውስጥ ነው።»

 የብየዳ ፍንጣሪ፣ አሉ ጋሽ ጨረቃ፣ እሱም የቀለጠ ብረት ነው፤ እሱም በአየር ላይ ይረጋል፤ እሱም እንዲሁ ይድቦለቦላል። ደቃቁ ከጭሱና ከነፋሱ ጋር ተነሥቶ ጣሪያ ላይ ያርፋል። ጥለቱን በጣታቸው እያሳዩ ከሰማዩ የሚለይበትን አስረዱኝ። «አትጣያት» አሉኝ፤ «ለማወዳደሪያ ትሆንሻለች። አሁን የሚያስፈልግሽ ብየዳ ያልነካው ጣሪያ ነው።»

ወደ ቤት ስመለስ ማዘን ነበረብኝ። ግን የታክሲውን መስኮት ተደግፌ የማስበው ሌላ ነበር። በሕይወቴ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ይበልጥ ክብ የሆነችው፣ ያቺ የምታምር ነገር፣ ከአባቴ እጅ ነው የወጣችው። አንድ ቀን የማን እንደሆነ የማላውቀውን በር ሲበይድ ተፈናጥራ፣ ከጭሱ ጋር ወጥታ፣ ጣሪያችን ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ይህን እንዴት እንደምነግረው መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ መጣሁ።

አባቴ በሩ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

«እህስ፣ ከሰማይ ናት አሉ?»

ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝ። «አይ አባዬ» አልኩት። «ካንተ ነው።»

ይስቃል ብዬ ነበር። አንዴ ራሱን ነቀነቀና «እሺ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ከዚያ በኋላ ወርክሾፑ ዝም አለ። ለካ ያን ድምፅ ሳላስተውለው ነበር የኖርኩት፤ የግራይንደሩ ጩኸት፣ የኤሌክትሮዱ መንጣጣት፣ የላሜራ መንኳኳት። አሁን ከሥራ ስመለስ ጎረቤት ውሃ ሲቀዳ ይሰማኛል። ማሽኑ ሸራ ለብሷል። እናቴ ምን ሆነህ ነው ስትለው «መብራቱ ይዋዥቃል» አላት።

«ለቴሌቪዥኑ ሲሆን ግን ልክ ነው» አለች። እንደ ሌላው ጊዜ አልሳቀችም። ገበያ ስትወጣ የያዘችው ዘንቢልም ትንሹ ነበር። ቤታችንን ያቆመው ያ ወርክሾፕ ነው፤ የእኔ ደመወዝ ከጎን ድጋፍ ነው እንጂ ቤት አይችልም።

ምን እንደሆነ የነገረችኝ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ናት። ዳቦ ልገዛ ስገባ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና በዓይኗ ያዘችኝ።

«አንቺ ባለ ኮከቧ፣ አባትሽን ምን አድርገሽው ነው?»

«ምን ሆነ?»

«የዳቦ ቤቴን በር ልክ ወስዶ፣ ቀለሙን አስመርጦኝ፣ አሁን ሌላ ሰው ጋ አሠሪው ይለኛል። የጣሪያ ጉዳይ ነው አለኝ። ብየዳና ጣሪያን ምን አገናኛቸው? ደግሞ እኮ እኔን ብቻ አይደለም የመለሰው።» ዳቦውን ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ንገሪው። እኛ ደንበኞቹ እንወደዋለን፤ ግን ያለ በር አናድርም።»

ወደ ቤት ስገባ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁት። ታጥቧል። ቆርቆሮው ከዳር እስከ ዳር ያብረቀርቃል፤ አሸንዳው ተጠርጎ አንዲት ቅጠል አልቀረችበትም። አባቴ ለእኔ ንጹሕ ጣሪያ እየሠራ ነበር።

ወርክሾፑ ውስጥ የቀለም ቆርቆሮ ገልብጦ ተቀምጧል። እጁ ሥራ መፍታት ስለማይችል የተጣመሙ ምስማሮች እያቃና ነው። ሌላ ቆርቆሮ ገልብጬ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ለምን አቆምክ?»

«ምኑን?»

«ብየዳውን።»

«ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።»

«አባዬ።»

መዶሻውን ጭኑ ላይ አሳረፈ። «ፍንጣሪ ወደ ታች የሚወድቅ ነበር የሚመስለኝ» አለ። «ይኸው እግሬን ሲጠብሰኝ ነው የኖረው። ወደ ላይ ይወጣል ብዬ በምን ልወቅ? ጭሱ ነው ይዞት የሚወጣው?»

«ጭሱም ነፋሱም።»

«እንዲያ ነው እንግዲህ። ከሰማይ የሚመጣልሽን እኔ ከሥር እየላክሁ አበላሸሁብሽ። ካንተ ነው ስትይኝ ገባኝ። እውነትሽን ነው።»

ያን ጊዜ ነው ምን እንዳልኩት የሰማሁት። ሰው ጥፋት በሰው ላይ ሲጭን የሚለውን ነው ያልኩት። ፊቴ ጋለ።

«ካንተ ነው ስልህ… ካንተ ነው ማለቴ እኮ ነው።»

«እኔስ ምን አልኩ?»

«አይደለም። ጥፋቱ ካንተ ነው አላልኩም። እሷ፣ ክቧ ነገር፣ ካንተ ነው የመጣችው ልልህ ነው። ደስ ብሎኝ ነው ያልኩህ።»

አባቴ አተኩሮ አየኝ። «ደስ ሲልሽ ፊትሽ እንደዚያ ነው የሚሆነው?»

«እንደዚያ ነው።»

«ከእኔ ወስደሽው ነው» አለና ምስማሩን በመዳፉ አገላበጠው። «ጣልሻት?»

«አልጣልኳትም። ስላይድ ላይ ለጥፌ ስምህን ጽፌባታለሁ።»

አባቴ ሌላ ጠማማ ምስማር አነሣ። ከወጥ ቤቱ መስኮት የእናቴ ድምፅ መጣ። «ተነጋገራችሁ ወይስ ዝናብ እየጠበቃችሁ ነው?»

«እየተነጋገርን ነው» አላት አባቴ።

«እንግዲያው በሩን ልዝጋላችሁ፤ ብርድ ገብቶ እንዳያስቆማችሁ።»

ነገሩ እዚያ ላይ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። «ስለዚህ ነገ ትጀምራለህ» አልኩት። በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ አንዴ የለካውን ነገር ደግሞ አይለካም። ጣሪያው ታጥቧል፤ አሁን ከላይ የሚመጣው ብቻ እስኪጠራቀም መጠበቅ ነው። ስንት ጊዜ ይፈጃል አለኝ። ዓመታት ሊፈጅ ይችላል አልኩት። «ይፍጅ» አለ። ለመንኩት። ተቆጣሁ ማለት ይቻላል፤ እኔ ስቆጣ ድምፄ ስለሚቀንስ አልሰማኝም ይሆናል። በመጨረሻ «ሌላ ጣሪያ ባገኝስ?» አልኩት።

ይህን አሰበበት። «ካገኘሽማ ማሽኑን አበራለሁ። ባዶ እጅሽን እያየሁ ግን አላበራም።»

ቁጭ ብለን ጣሪያ ፈለግን።

«የጥርስ ሐኪሙ ቤት?»

«በረንዳውን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«የጡረተኛው መምህር?»

«የውሃ ታንከሩን ማቆሚያ እዚያው ጣሪያው ላይ ነው የበየድኩለት።»

«የአክስቴስ?»

«አክስትሽ በር፣ መስኮት፣ አልጋም አሠርታኛለች።»

እናቴ ሻይ ይዛ ገብታ ነበር። «ሰፈሩን በይዶ ጨርሶታል» አለች። «ከማያውቁት ሰው ነው የምትለምኚው።»

እኔ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አፍሬ መውረጃዬን የማልፍ ሰው ነኝ። የማላውቀውን ሰው በር አንኳኩቼ፣ ጣሪያህ ላይ ልውጣ፣ አፈርህንም ልውሰድ እንድል ነው የሚፈለገው። ግን ወርክሾፑ ዝም ብሎ በቆየ ቁጥር ደንበኛው አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሰው እየሄደ ነበር፤ አባቴም ሸራውን እያየ ምስማር ያቃና ነበር። ስለዚህ ሄድኩ።

የመጀመሪያው በር ላይ አንዲት ሴት ንግግሬን ሳልጨርስ «የጽዳት ሠራተኛ አለችን፣ ይቅናሽ» ብላ ዘጋችው። ሁለተኛው ላይ የወጣው ሰውዬ «ከማዘጋጃ ቤት ነሽ?» አለኝ። አይደለሁም ስለው ይብስ ጠረጠረኝ። ሦስተኛው በር ፊት ለፊት ቆሜ ቆየሁና ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ቤት ስገባ አባቴ ፊቴን አየና መሰላሉን ይዞ ወደ ወርክሾፑ ገባ።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀኔ ከእንቅልፌ ስነሣ መሰላሉን ተሸክሞ ደጅ ቆሟል። የታችኛውን እርከን በብሎን አጥብቆታል።

«እኔ መሰላሉን እይዛለሁ» አለኝ። «መናገሩ ያንቺ ነው።»

«ለምን አንተ አትናገርም?»

«እኔ ከተናገርኩ በር ልሥራላችሁ የምል ነው የሚመስላቸው።»

አሮጌው ሰፈር ድረስ በእግራችን ሄድን። ያ ሰፈር የሸክላ ክዳን ያላቸው ቤቶችና የዕንጨት አጥሮች ያሉበት ነው። አባቴ መሰላሉን ትከሻው ላይ እያመቻቸ ግራና ቀኝ ያያል። የዕንጨት በር፣ የዕንጨት መስኮት፣ የሲሚንቶ አሸንዳ። «እዚህ ሰፈር ብኖር ኖሮ ጦሜን ነበር የማድረው» አለ። ደስ ብሎት እንደነበር ድምፁ ያስታውቃል።

አንድ በር ፊት ቆመ። መሰላሉን መሬት ላይ አቁሞ ያዘና ወደ እኔ አየ። አንኳኳሁ።

የከፈቱልን አንዲት አሮጊት ናቸው። ወገባቸው ጎበጥ ብሏል፤ እጃቸው ግን ትልቅና ጠንካራ ነው። እኔን አዩ፤ መሰላሉን አዩ፤ አባቴን አዩ።

«ጣሪያዬ ላይ ምን ወደቀባችሁ?»

ከዚያ የተናገርኩትን ሁሉ አሁን አላስታውሰውም። ረጅም እንደነበር ግን አውቃለሁ። ከሰማይ ስለሚወርደው አቧራ ነገርኳቸው፤ ስለ ማግኔቱ፣ ስለ ማይክሮስኮፑ፣ የእኛ ጣሪያ ለምን እንደማይሆን፣ አባቴ ሥራ እንዳቆመ፣ እሳቸው ቢፈቅዱልን ሥራውን እንደሚጀምር። ስጨርስ አፌ ደርቋል። አባቴ መሰላሉን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«እኔ አዋላጅ ነበርኩ» አሉ አሮጊቷ። «ስንቱን ሕፃን ተቀብያለሁ፤ ከሰማይ የመጣ ግን አልገጠመኝም። በይ ውጪ። ሸክላውን እንዳትሰብሪብኝ ብቻ።»

«እማማ፣ ይቅርታ» አለ አባቴ። «እዚህ ቤት ብየዳ ተሠርቶ ያውቃል?»

«ኧረ ምን ብረት አለኝና። ቆይ፣ ካነሣኸው አይቀር፣ የጓሮዬ በር ማጠፊያ ተገንጥሏል። ባለሙያ ነህ እንዴ?»

አባቴ ወደ እኔ አየ። «በያጅ ነኝ እማማ። እዚህ ቤት ግን አልበይድም።»

«ምን ቤቴ አስጠላህ?»

«ልጄ ትከለክለኛለች።»

ማጠፊያውን በብሎንና በመፍቻ አሰረላቸው፤ መጀመሪያ ግን መሰላሉን ያዘልኝ። አሸንዳው ውስጥ ያለው አፈር ጥቁርና ወፍራም ነበር፤ ማንም ለብዙ ዓመት አልነካውም። በማንኪያ እየዛቅሁ ፌስታሉን ስሞላ ከታች የአባቴ ድምፅ ይመጣል።

«አለ?»

«አፈር አለ።»

«ይሁን። አፈር ካለ ጥሩ ነው።»

አሮጊቷ በረንዳው ላይ ወንበር አውጥተው ያዩን ነበር። ስንሄድ ሁለት ነገር ነገሩን። ብርቱካን የሚያክል ነገር ካገኘሁ መጥቼ እንዳሳያቸው፤ እኔ ደግሞ ከእነሱ ዘመን ልጆች በላይ ዓይን አፋር እንደሆንኩ። «ያን ሁሉ ስትነግሪኝ እኮ አንዴ አላየሽኝም፤ ለበሩ ነው የነገርሽው» አሉ። አባቴ መንገድ ላይ ይህን እያነሣ ሳቀ። ቤት ሲገባም ለእናቴ ነገራት፤ እኔ የተናገርኩትንም፣ እንዴት እንደተናገርኩም፣ የረሳሁትን ሁሉ ጨምሮ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አባቴ ሸራውን ከማሽኑ ላይ አንሥቶ እያጠፈ ነበር። የዳቦ ቤቱ ባለቤት በሯን ሌላ ሰው ጋ አሠርታ ጨርሳለች፤ እሱ በአንድ አዲስ ደንበኛ መስኮት ጀመረ። እኔ በምሳ ሰዓት የአዋላጇን አፈር አጠብኩና እንዲደርቅ መስኮቱ ሥር አሰጣሁት።